ከጓዳው ሙዳይ እስከ ሙዳየ ምጽዋት

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ትንሣኤ የምሥራች በመጀመሪያ የተነገረው ለነገሥታት ወይም ለመኳንንት አልነበረም። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 23 መጨረሻና በምዕራፍ 24 መጀመሪያ ላይ እንደ ተረከልን፣ ከገሊላ ጀምረው ጌታን የተከተሉት ሴቶች መቃብሩን ካዩ በኋላ ተመልሰው ሽቱና ቅባት አዘጋጁ፤ ሰንበትንም እንደ ሕጉ ዐርፈው በእሑድ ማለዳ ያዘጋጁትን ይዘው ወደ መቃብሩ ገሠገሡ። ባዶውን መቃብር ያዩትና የምሥራቹን ቃል የሰሙት በዚያ ጉዞ ላይ ነው። ሽቱውን አስቀድመው ባያዘጋጁ ኖሮ በዚያ ማለዳ ወደ መቃብሩ የሚወስዳቸው ጉዳይ ባልኖራቸው ነበር። ለሌላው ሲባል በትጋት የተዘጋጀ ነገር ለትንሣኤው ምሥክርነት በር ከፋች ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ በዚህ በዓለ ትንሣኤ ስለ ጓዳ፣ ስለ መሶብና ስለ ቁጠባ ብንናገር ከበዓሉ መንፈስ የራቅን አይመስለንም። እንዲያውም በየቤቱ ዶሮው በሚሠራበት፣ ዳቦው በሚቈረስበትና ዘመድ ከዘመድ ጋር በሚጠያየቅበት በዛሬው ቀን፣ እናቶቻችን ይህን ሁሉ በምን ጥበብ ይወጡት እንደ ነበረና ከእነርሱም የምንማረው ምን እንደ ሆነ መመርመር ለምእመናን ቤተሰብ ሁሉ የሚጠቅም ነው ብለን እናምናለን።

የበዓል ደስታና የበዓል ዕዳ

እንደሚታወቀው የኑሮ ውድነት በየቤቱ ደጃፍ ቆሞአል። የጤፉ፣ የዘይቱ፣ የሽንኩርቱና የቤት ኪራዩ ዋጋ የደመወዝተኛውንም ሆነ የነጋዴውን ቤት ያስጨንቃል። ይህ ሁሉ እያለ ግን በዓል በመጣ ቍጥር ወጪው ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ እያለ እንጂ ዝቅ እያለ ሲሄድ አናይም። ጎረቤት በግ ስለ ገዛ በግ ለመግዛት የሚበደር አለ፤ ልጆቹ ከእኩዮቻቸው እንዳያንሱ ብሎ የቤት ኪራዩን ለልብስ የሚያውል አለ፤ ለአንድ ቀን ማዕድ ሲባል የሦስት ወር ዕዳ የሚሸከም አለ። በሌላው በኩል ደግሞ በዚያው ግቢ ወይም በዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ የሚያበስለው በማጣቱ አፍሮ በበዓል ቀን በሩን ዘግቶ የሚውል ቤተሰብ አለ። የመጀመሪያው ቤት ከሚገባው በላይ አውጥቶ ይጨነቃል፤ ሁለተኛው የሚያወጣው አጥቶ ይሸማቀቃል። በሁለቱም ቤት የትንሣኤው ደስታ ጎድሎአል።

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ፣ 55 ቀን የጾመ ቤተሰብ እንዴት በ56ኛው ቀን ባለ ዕዳ ይሆናል? የሚለው ነው። በዐቢይ ጾም ሥጋው፣ ቅቤው፣ ወተቱና ዕንቁላሉ ከማዕዱ ርቆ ቆይቶአል። ከዚህ የተረፈው ወዴት ሄደ? ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደውን ጾም ሲገልጥ እንጀራን ለተራበ ማካፈልን፣ የታረዘውን ማልበስን ከጾሙ ጋር አንድ አድርጎ ነው የተናገረው። በፍትሐ ነገሥታችንም ስለ ጾም የሚናገረውን አንቀጽ 15 ወዲያው የሚከተለው ስለ ምጽዋት የሚናገረው አንቀጽ 16 ነው። አባቶቻችን ሁለቱን ጎን ለጎን ያኖሩአቸው በአጋጣሚ አይመስለንም። ከአፍ የተከለከለው ጉርሻ የሚሄድበት ሌላ አፍ አለ ሲሉን ነው።

በእናቶቻችን ቤት የነበረውን ሥርዓት መለስ ብለን ማየት የሚያስፈልገን ስለዚህ ነው።

ባለሙያ የተባለችው ሴት

«ባልትና» የሚለው ቃል ዛሬ የበርበሬና የሽሮ መሸጫ መደብር ስም እየሆነ ቢመጣም፣ ትርጉሙ የቤት ሙያ ማለት ነው። ቤቷን በሥርዓት የምትይዝ ሴትም በቋንቋችን «ባለሙያ» ትባላለች። ይህ የክብር ስም የሚሰጠው ብዙ ላላት ሴት ሳይሆን፣ በእጅዋ ያለውን አብቃቅታ ለምታውል ሴት ነው። ከጥቂት ሽሮ ጥሩ ወጥ የምታወጣ ባለሙያ ናት፤ ከሙሉ ጎታ ቤተሰቧን የምታስርብ ግን ባለሙያ አትባልም።

የዚህን ሙያ አሠራር በጥቂት ምሳሌዎች እንመልከት።

እንጀራ ከተጋገረ በኋላ ብዙ ቀን አይቆይም፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን መሻገት ይጀምራል። እናቶቻችን ግን የተረፈውን ሳይሻግት ቈራርሰው በፀሐይ አድርቀው ድርቆሽ ያደርጉታል። ድርቆሽ ለወራት ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ ለመንገደኛ ስንቅ ይሆናል፤ በጾም በበርበሬና በዘይት፣ በፍስክ በቅቤ ይፈረፈራል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ባለሙያዋ የምታደርቀው ደኅናውን እንጀራ እንጂ የሻገተውን አለመሆኑን ነው። የሻገተ ምግብ ለጤና ጎጂ መሆኑን የዛሬው ሕክምናም ያረጋግጣል። ቁጠባ ማለት የተበላሸውን መብላት ሳይሆን እንዳይበላሽ መቅደም ነው።

ሥጋውም እንዲሁ ነው። ከበዓል የተረፈው በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ቋንጣ ይሆናል። ቅቤው በኮረሪማ፣ በኮሰረት፣ በእርድና በሌላውም ቅመም ተነጥሮ ሲቀመጥ ለብዙ ጊዜ ሳይሻግት ይቆያል። ጠላው ከተጠመቀ በኋላ የሚቀረው አተላ ለከብት መኖ ይውላል። ቡናው እንኳ አንድ ጊዜ ተፈልቶ አይደፋም፤ ከአንዱ ጀበና አቦሉ፣ ቶናውና በረካው ይቀዳል። የመጨረሻው ስኒ ቀጠን ያለ ቢሆንም ስሙ «በረካ» ነው፤ በረከት ማለት ነው። ሀብታሙም ድኻውም ቤት ቡናውን በአንድ ሥርዓት ስለሚያፈላው፣ ሦስተኛውን ስኒ በመጠጣቱ የሚያፍር ሰው አልነበረም።

ዶሮ ወጡን ደግሞ ተመልከቱ። አንዲት ዶሮ በ12 ብልት ተለይታ ትሠራለች። እናት ድስቱን ከመጣዷ በፊት ማን ምን እንደሚደርሰው፣ ለእንግዳ ምን እንደሚቀመጥ አውቃ ነው የምትጀምረው። ሽንኩርቱም ዘይት ወይም ቅቤ ሳይነካው አስቀድሞ ጠብ በሚል ውኃ ብቻ ረጅም ሰዓት ስለሚቁላላ፣ ወጡ የሚጣፍጠው በቅባቱ ብዛት ሳይሆን በትዕግሥቷ ነው። ዘይት በተወደደበት በዚህ ዘመን ይህ አንድ ሙያ ብቻውን ለብዙ ቤት መፍትሔ ነው።

ልብሱስ ቢሆን? ጥጡ በቤት ተባዝቶ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ለሸማኔ ይሰጣል። ጋቢው ሲያረጅ ለሕፃን ማቀፊያ፣ ማቀፊያው ሲያልቅ ለመወልወያ ይውላል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 የተነገረላት ጣቢታ ስትሞት፣ መበለቶች እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት የሠራችላቸውን ልብስ ነበር። ከሌላው ሀብቷ ሁሉ በሞቷ ቀን የመሰከረላት የእጅዋ ሥራ ሆነ።

በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ራስዋ የቁጠባን ማዕድ ታሳየናለች። በጸሎተ ሐሙስ የምንበላው ጉልባን ከባቄላና ከስንዴ ተቀቅሎ የሚዘጋጅ ነው። የሚወደድ ነገር አይገባበትም፤ ሆኖም የባለጸጋውም የድኻውም መሶብ በዚያ ቀን እኩል ነው። በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ጎረቤት ከጎረቤት የማይበላለጥበት ማዕድ ኖረን ማለት ነው።

ከወንዝ ዳር የተገኘ ዕውቀት

የእናቶቻችንን ሙያ «ያለፈ ዘመን ነገር» እያሉ የሚያቃልሉ ወገኖች አንድ ታሪክ እንዲያስታውሱ እንወዳለን። እናቶቻችን ሳሙና እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን የልብሱን እድፍ የሚያስለቅቁት በእንዶድ ፍሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ የውኃ ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ፣ ይህ ምልከታ ለረጅም ዘመን ምርምር መነሻ ሆነ። ዶክተር አክሊሉም ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

የሳይንቲስቶቹ ጥረትና ክብር እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ የምርምሩ መነሻ ግን በወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ እናቶች የዕለት ሥራ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ሳሙና መግዣ የሌላት ሴት በእጅዋ የያዘችው ፍሬ ዓለም ያላወቀው ጥበብ ነበረበት። እንግዲህ በጓዳችን ውስጥ ያለውን ዕውቀት ሳንመረምር መጣል ምን ያህል ኪሳራ እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የብክነቱ ነገር የእኛ ብቻ አለመሆኑንም መግለጥ ያስፈልጋል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደ ባከነና ከዚህም ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ የባከነው በየቤቱ መሆኑን ገልጦአል። ስለዚህ የእናቶቻችን ድርቆሽና ቋንጣ የድህነት ምልክት ሳይሆን፣ የበለጸገው ዓለም ዛሬ በብዙ ጉባኤ የሚፈልገው መፍትሔ ነው።

ቁጠባና ንፉግነት ለየቅል ናቸው

ይህን ሁሉ ስንል ግን ዋናው ቁም ነገር ገና አልተነገረም። ቁጠባ ብቻውን ጽድቅ አይደለም። ንፉግም ሰው ይቈጥባል፤ አምስት ጎታ ሞልቶ የሚያድር ስግብግብም ይቈጥባል። የእናቶቻችንን ቁጠባ ከዚህ የሚለየው የሚቈጥቡለት ሰው መኖሩ ነው።

መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 31 ስለ ባለሙያዋ ሴት ሲናገር፣ በቍጥር 19 እጆችዋ እንዝርትና የፈትል ዕቃ እንደሚይዙ ይነግረናል። ወዲያው በሚከተለው በቍጥር 20 ደግሞ እነዚያው እጆች ለድኻና ለችግረኛ እንደሚዘረጉ ይገልጣል። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ምንም ነገር አልገባም። የምትፈትለውና የምትሰጠው እጅ አንድ ናት። ፈትላ የማትሰጥ እጅ ንፉግ ትሆናለች፤ ሳትፈትል ልስጥ የምትልም የምትሰጠው አይኖራትም።

በወንጌለ ዮሐንስ ምዕራፍ 6 ጌታችን በአምስት የገብስ እንጀራና በሁለት ዓሣ አምስት ሺሕ ሰው ከመገበ በኋላ፣ የተረፈው ቍርስራሽ ሳይባክን እንዲሰበሰብ ደቀ መዛሙርቱን አዘዘ፤ 12 መሶብም ሞላ። ከባዶ እጅ ማበርከት የሚችል አምላክ ፍርፋሪ የሚያስለቅመው የሚያጣ ሆኖ አይደለም። ሥርዓት ሲሠራልን ነው። የሚደንቀው ደግሞ ፍርፋሪው የተሰበሰበው ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ እንጂ ከመጥገቡ በፊት አለመሆኑ ነው። መጀመሪያ ሰው ጠገበ፤ ከዚያ በኋላ ትርፉ ተሰበሰበ። ንፉግ ግን ይህን ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ ይሰበስብና ሰውን በትርፉ ይመግባል።

በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 17 የምናገኛት የሰራፕታዋ መበለትም በማድጋዋ የቀረው አንድ እፍኝ ዱቄት፣ በማሰሮዋም ጥቂት ዘይት ብቻ ሳለ ለነቢዩ ለኤልያስ አስቀድማ ጋገረች። ዱቄቱም ዘይቱም ዝናም እስኪመጣ ድረስ አላለቀም። የእናቶቻችን መሶብ የማያልቀው በዚህ ሃይማኖት ስለ ተጋገረ ነበር። እንጀራ ሲወጣ የእንግዳ ተብሎ የሚቀመጥ ነበረ፤ እንግዳው ማን እንደ ሆነ ባይታወቅም ድርሻው ይታወቅ ነበር።

ሙዳይ የምንላትን ትንሽ ስፌት ሁላችንም እናውቃታለን። ክዳን ያላት፣ ከአክርማና ከስንደዶ በእጅ የምትሰፋ፣ እናቶቻችን ፈትላቸውን፣ ጌጣቸውንና ጥቂት ብራቸውን የሚያኖሩባት ዕቃ ናት። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ምእመናን ገንዘብ የሚጨምሩበት ዕቃም ስሙ «ሙዳየ ምጽዋት» ነው። በጓዳና በደጀ ሰላም ያሉት ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ስም ይዘው መኖራቸውን ልብ እንበል። ከጓዳው ሙዳይ ተነሥቶ ወደ ሙዳየ ምጽዋት የማይደርስ ቁጠባ መንገዱ የተቋረጠ ነው። በጓዳው ሙዳይ ሳይቀመጥ ወደ ሙዳየ ምጽዋት የሚደርስ ነገርም የለም። ይህ ጽሑፍ ሊያስተላልፈው የፈለገው አንድ ቃል ቢኖር ይህ ነው።

የቀድሞው ሁሉ መልካም አልነበረም

እንዲህ ስንል ያለፈው ሁሉ እንከን አልነበረበትም ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። እናቶቻችን እህል እየፈጩ፣ ውኃ እየቀዱ፣ እንጨት እየተሸከሙ፣ በጢስ ዓይናቸው እየተጎዳ የኖሩ ናቸው። ወፍጮ ቤቱና የኤሌክትሪክ ምጣዱ ይህን ሸክም ማቃለሉ እግዚአብሔር የሚመሰገንበት እንጂ የሚያስቈጭ ነገር አይደለም። ዛሬ ብዙዋ ሴት ከቢሮ፣ ከትምህርት ቤት ወይም ከሱቅ ሥራዋ ደክማ የምትገባ ናት። የእናቷን ሙያ ሁሉ ብቻዋን እንድትሸከም መጠየቅ ግፍ ይሆናል። ቤት የባልም የሚስትም ነው፤ ቁጠባውም እንዲሁ። አባወራው በውጭ የሚያባክነውን እማወራዋ በሽንኩርት ልጣጭ ልታካክሰው አትችልም። ልጆችም፣ ወንዶቹ ጭምር፣ ከጓዳ ገብተው መማር አለባቸው።

በቀድሞውም ዘመን ቢሆን የብክነት ልማድ አልጠፋም ነበር። ለተዝካር ተብሎ በሬው ሲሸጥ፣ መሬቱ ሲያዝ፣ ወላጅ አልባ ልጆች ከኀዘኑ በኋላ በዕዳ ሲቀሩ ታይቶአል። ቤተ ክርስቲያን ስለ ሞቱት ጸሎተ ፍትሐትንና ምጽዋትን አዘዘች እንጂ የወላጅ አልባውን ቅርስ የሚያሟጥጥ ድግስ አላዘዘችም። ዛሬ ደግሞ በተዝካሩ ቦታ የሠርጉ አዳራሽ፣ የልደቱ ኬክና የበዓሉ ግርግር ተተክቶአል። ስሙ ተለወጠ እንጂ ሕመሙ ያው ነው፤ ለእግዚአብሔር ተብሎ የተጀመረው ለሰው ዓይን ሆኖ ይጨረሳል።

በዛሬው ቤት ምን ይደረግ?

ብዙዎች «ዛሬ ጎታ የለን፤ ጓሮ የለን፤ በጋራ መኖሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ እየኖርን የእናቶቻችንን ሙያ እንዴት እናድርገው?» ሲሉ ይሰማሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ዕቃውን ሳይሆን ሐሳቡን መውረስ ነው።

በመጀመሪያ፣ ዕቅድ። ጌታችን በወንጌለ ሉቃስ ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንዲቈጥር አስተምሮአል። የበዓልም ወጪ ባልና ሚስት ከበዓሉ በፊት ተቀምጠው በወረቀት ሊጽፉት ይገባል። በጾም ወራት የቅቤና የዕንቁላል ፈላጊ ስለሚቀንስ፣ ባለሙያ ሴት ቅቤዋን ቀደም ብላ ገዝታ አንጥራ ታስቀምጣለች እንጂ ለሆሣዕና ሳምንት ግርግር አትተወውም። በርበሬውም አዝመራው ገብቶ ገበያው ሲረጋ ይገዛል። አዲስ ጥበብ ሳይሆን የእናቶቻችን የቀን መቍጠሪያ ነው።

ሁለተኛ፣ ኅብረት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ ቅርጫ ማለት ብቻውን በሬ መግዛት የማይችለው ሁሉ ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ የሚበላበት ሥርዓት ነው። መደቡ እኩል ይከፈላል፤ ዕጣ ይጣላል፤ ማንም በማንም አይቀየምም። በዕጣ ስለሚወሰድ ባለ ሥልጣኑም ዘበኛውም አንድ ዐይነት ድርሻ ይደርሳቸዋል። ይኸው ሥርዓት ለጤፍም ይሠራል። አንድ ኩንታል ጤፍ መግዛትና ማስቀመጥ የማይችሉ አራት ጎረቤታሞች በአንድነት ገዝተው 25፣ 25 ኪሎ ቢካፈሉ በየቀኑ በኪሎ ከመግዛት ይድናሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድም አንድ ጊዜ ከሞቀ በኋላ ሁለት ጎረቤታሞች በተራ ቢጋግሩበት መብራቱም ጊዜውም ይቈጠባል፤ የጠፋው ጉርብትናም ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ከዕዳ መጠበቅ። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ባልዋ ሞቶባት አበዳሪ ልጆችዋን ሊወስድባት የመጣባት ሴት፣ ነቢዩ ኤልሳዕ እንዳዘዛት ከጎረቤቶችዋ ባዶ ማድጋዎች ተውሳ ዘይቱ በተአምር ሞላላት። ነቢዩ የሰጣት ምክር ግን ሊስተዋል ይገባዋል። መጀመሪያ ዕዳሽን ክፈዪ፤ ከዚያ በተረፈው ከልጆችሽ ጋር ኑሪ የሚል ነበር። በተአምር የተገኘ ዘይት እንኳ መጀመሪያ የዋለው ለዕዳ ነው። ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ያለብንን ዕዳ መክፈልና ለሚመጣው በዓል ከአሁኑ ዕቁብ መግባት ከዚህ የምንማረው ነው። በተለመደው ዕቁብ ወለድ የለም፤ የራስን ገንዘብ በተራ መቀበል ነው።

አራተኛና ዋናው፣ የጾም ሙዳይ። ከበዓለ ሃምሳ በኋላ የሐዋርያት ጾም ይመጣል፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ይከተላል። በየቤቱ አንዲት ሙዳይ ወይም ክዳን ያላት ማናቸውም ዕቃ ተዘጋጅታ፣ በጾሙ ምክንያት ያልወጣው ገንዘብ በየዕለቱ ይግባባት። በቀን 20 ብር የሚያስቀምጥ ቤት በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት 1,100 ብር ያገኛል። ዐሥር ቤቶች ቢተባበሩ 11,000 ብር ይሆናል። ይህም ገንዘብ ለበዓል በሩን ዘግቶ ለሚውለው ጎረቤት ማዕዱን ያዘጋጅለታል። ልጆች በየማታው ብሩን በገዛ እጃቸው ቢጨምሩ ስለ ጾም ምንነት ከብዙ ስብከት ይበልጥ ይማሩበታል። ሲሰጥም ተቀባዩ እንዳያፍር በሥውር፣ እንደ ቤተሰብ ወግ፣ በዘመድ ቋንቋ ይሁን። እናቶቻችን በነጠላቸው ሥር ሸፍነው የሚወስዱት ለዚህ ነበር።

ገብር ኄር በተባለው በዐቢይ ጾም ስድስተኛ እሑድ፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተጻፈው የመክሊት ምሳሌ በየቤተ ክርስቲያናችን ተሰብኮአል። ታማኙ አገልጋይ የተመሰገነው በጥቂቱ በመታመኑ ነው። ለአንዳንዱ ሰው የተሰጠው ጥቂት ነገር ሥልጣን ነው፤ ለአንዳንዱ ዕውቀት ነው፤ ለብዙዎቻችን ግን ወር በገባ ቍጥር የምንቀበለው ደመወዝ፣ አንድ መሶብና አንድ ድስት ነው። በእርሱም እንጠየቅበታለን።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ማዕድ ገና አልተነሣም። ድስቱም ሞልቶ ይሆናል። ነገ የሚተርፈውን ለማድረቅና ለማስቀመጥ ከማሰባችን በፊት ግን፣ ዛሬ በትኩሱ አንድ ሳሕን ወደ ተዘጋው በር ይሂድ። በሩን አንኳኩተን «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ስንል፣ የሚመልስልን ጎረቤት የቃሉን እውነት ከእጃችንም ያየዋል። ሴቶቹ ያዘጋጁትን ይዘው በማለዳ እንደ ወጡ፣ እኛም ያዘጋጀነውን ይዘን እንውጣ።